የዳማ ገጽ

መስከረም 20

ዛሬ አዲስ ደብተር ከፈትኩ። ባለ 50 ሉክ ነው። በመጀመሪያው ገጽ ላይ ያለንን ሁሉ ቆጥሬ ጻፍኩ። ሁለት የሚታለቡ ዲቃላ ላሞች፣ ቡሬና ዳለቻ። አንዲት ጊደር። ሁለት የእርሻ በሬዎች። አንድ የጋሪ ፈረስ፣ ዳማ። አንዲት ባዝራ፣ ቦራ። ቦራ እርጉዝ ናት።

ያለነው ከጫጫ ወደ ደብረ ብርሃን በሚወስደው መንገድ፣ ከአስፋልቱ 6 ኪሎ ሜትር ገባ ብሎ ነው። መሬታችን 6 ጥማድ ነው፤ አንድ ሄክታር ተኩል መሆኑ ነው። ሁለቱ ጥማድ ክረምት ውሃ የሚተኛበት ዋልካ ስለሆነ ሣር እንጂ እህል አይወድም። አባባ ከድሮ ጀምሮ ለከብት የተዉት ቦታ ነው። እኔ ከአዲስ አበባ ተመልሼ አብሬያቸው መሥራት ከጀመርኩ ሦስተኛ ዓመቴን ያዝኩ። ስመጣ የምትታለበው ቡሬ ብቻ ነበረች።

ትናንት የባለቤቴ ወንድም ሊጠይቀን መጥቶ በረቱን ዞሮ አየ። "ቦራን ሽጣትና ላም ጨምርበት። ፈረስ ወተት አይሰጥ፣ ሥጋው አይበላ" አለኝ። ለእኛ አስቦ ነው የተናገረው። አባባ ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። ሌሊቱን ግን ሳወጣ ሳወርድ አደርኩ።

መልስ ያጣሁት ቁጥር ስላልነበረኝ ነው። የላሞቹን ወተት በየቀኑ እጽፋለሁ። ቡሬ ስንት ሰጠች፣ ዳለቻ ስንት ሰጠች፣ ፉሩሽካና ፋጉሎ ስንት ወጣባቸው፣ ሁሉም አለ። ስለ ዳማ ግን አንድ መስመር የለኝም። ወተቱን በየማለዳው አስፋልት ድረስ የሚያደርሰው እሱ ነው። የፈረስ ሥራ በሊትር ስለማይለካ ማንም አይጽፈውም።

በዚህኛው ደብተር ዳማ የራሱ ገጽ አለው። የሠራው በግራ፣ የበላውና ያስወጣን በቀኝ። እስከ ሰኔ እጽፋለሁ።

ጥቅምት 8

ዛሬ መኖ ስንቆጥር ዋልን። ላም እንግዛ አንግዛ የሚለው ወሬ ከዚህ ቆጠራ በፊት ዋጋ የለውም።

አንድ ላም በቀን የክብደቷን ከ2.5 እስከ 3 በመቶ የሚሆን ደረቅ መኖ ትፈልጋለች። የእኛዎቹ ወደ 400 ኪሎ ስለሚሆኑ ለእያንዳንዳቸው 11 ኪሎ ያዝኩ። ለጊደሯ 7። ለበሬዎቹ 8፣ 8። የአገራችን ፈረስ ሰውነቱ ትንሽ ነው፤ ለዳማና ለቦራ 6፣ 6 ይበቃል። ድምሩ በቀን 57 ኪሎ መጣ። ከኅዳር እስከ ግንቦት መጨረሻ 7 ወር ነው፣ 210 ቀን። ወደ 120 ኩንታል ማለት ነው።

የምንጠብቀው ደግሞ የገብስና የስንዴ ገለባ 45 ኩንታል፣ ከሣር መሬታችን ድርቆሽ 40፣ ለመኖ ከዘራነው አጃና ቬች (ከጥራጥሬ ወገን የሆነ የመኖ ተክል) 12። ተደምሮ 97። 23 ኩንታል ይጎድላል።

አንድ ላም ብንጨምር በሰባት ወር እሷ ብቻዋን 23 ኩንታል ትበላለች። ጉድለቱ እጥፍ ይሆናል። ይህን ለባለቤቴ ሳነብላት "የቤቱ ሰው ሳይጠግብ እንግዳ ልንጠራ ነው?" አለች። ላም የመግዛቱ ነገር እዚያ ላይ አበቃ። የቀረን ጥያቄ 23ቱን ኩንታል ከየት እናምጣ የሚለው ነው።

ማታ አባባ መላ አመጡ። ከወንዙ ማዶ ያሉት እትዬ ሰፊ የሣር መሬት አላቸው፤ የሚያጭድላቸው ግን የለም። ልጆቻቸው ከተማ ናቸው። "እኩል እንጠይቃቸው" አሉ። እኛ አጭደን፣ እኛ ከምረን፣ ግማሹ የእሳቸው፣ ግማሹ የእኛ። ነገ ጠዋት አባባ ራሳቸው ሄደው ያነጋግሯቸዋል። እኔ ከምሄድ እሳቸው ቢሄዱ ይሻላል፤ የድሮ ጎረቤታሞች ናቸው።

ጥቅምት 26

ሌሊት ውርጭ ወረደ። ጠዋት ስወጣ ሜዳው ነጭ ነበር። የጎረቤት ባቄላ ቅጠሉ ጠቁሮ ተንጠልጥሏል፤ ልብ ይሰብራል።

የእኛ አጃና ቬች ተርፏል። ከአራት ቀን በፊት ነበር ያጨድነው። ዘሩን ስንዘራ ሦስት እጅ አጃ፣ አንድ እጅ ቬች አድርገን ነው። ቬቹ በአጃው ላይ ተጠምጥሞ ስለሚያድግ አይተኛም። የምናጭደው ቬቹ ሲያብብና የአጃው ፍሬ ሲጫኑት እንደ ወተት ሲፈስ ነው። ከዚያ ካለፈ አገዳው ይደርቃል፣ ላሟ እየመረጠች ትተወዋለች።

እትዬ እሺ ብለዋል።

ኅዳር 18

ዘጠኝ ቀን ስናጭድ ከረምን። እኔ፣ አባባ፣ ባለቤቴ፣ ሁለት የቀን ሠራተኞች። አባባ 71 ዓመታቸው ነው፤ ማጭድ ሲይዙ ግን እኔ አልደርስባቸውም። ጎንበስ ብለው ሲጀምሩ ቀና የሚሉት ማጭዱን ሲስሉ ብቻ ነው።

ሣሩ ታጭዶ ሁለት ቀን ተዘርግቶ ይደርቃል። በመሀል አንዴ በመንሽ ይገለበጣል። ደርቆ ግን አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ መሰብሰብ አለበት። አባባ የሚፈትሹት እፍኝ ሣር ወስደው በመጠምዘዝ ነው። ተጠምዝዞ እንደ ገመድ ከታዘዘ ገና ነው። ሲጠመዘዝ ቀጭ ቀጭ ካለ ደርሷል።

የእኛ ድርሻ በግምት 25 ኩንታል ሆነ። ጉድለታችን ተሞላ። ያመጣው ደግሞ ዳማ ነው። ድርቆሽ ክብደቱ ሳይሆን ስፋቱ ስለሚያስቸግር በአንድ ጋሪ ከ2 ኩንታል ተኩል አያልፍም። 10 ጊዜ ተመላለሰ፤ ለእትዬ ድርሻ ደግሞ ሌላ 10። ወንዙን መሻገሪያው መኪና አያስገባም። ጋሪው ባይኖር በሰው ትከሻ ነበር። በግራው ዓምድ ላይ "ድርቆሽ፣ 20 ጊዜ" ብዬ ጻፍኩ።

በቀኙም የምጽፈው አለ። በሰባተኛው ቀን ዕቃውን ሳወልቅለት ቀኝ ትከሻው ላይ እጄን ሳሳርፍ ቆዳው ተንቀጠቀጠ። ጸጉሩን ገለጥ አድርጌ አየሁ። የሃምሳ ሳንቲም ያህል ቦታ ተልጦ ቀልቷል። የደረት ማሰሪያው ከላስቲክ ከረጢት የተሠራ ነበር። ላብ አይመጥም፣ ጠርዙ ይቆርጣል። ሁለት ቀን አሳረፍኩት። ቁስሉን በጨው ውሃ አጠብኩ። ማታ ማታ ከአባባ ጋር የድሮ የበግ አጎዛ ቆርጠን፣ ጸጉሩን ወደ ፈረሱ አድርገን ማሰሪያውን በሙሉ ለበድነው። አሁን አጎዛውን ሳስርለት ጆሮውን ወደ ኋላ አይጥልም። በመንገድ ላይ የማያቸው የጋሪ ፈረሶች ግማሾቹ ይህ ቁስል አለባቸው። አንድ ቁራሽ አጎዛ ይበቃቸው ነበር።

ታኅሣሥ 3

ይህን የምጽፈው ሳልተኛ አድሬ ነው።

ከሳምንት በፊት ያለ ወቅቱ አንድ ሌሊት ዝናብ ጥሎ ነበር። ክምሩን ከላይ ሸፍነነዋል። ከታች ግን ውሃ ገብቶበት ኖሯል። ከታች የነበረውን ስንጠቀም ትንሽ ሻጋታ እንደሸተተኝ ትዝ ይለኛል። ከብቶቹም ፈረሶቹም በሉት።

ማታ 1 ሰዓት ላይ የ11 ዓመት ልጄ ሮጣ መጣች። "አባዬ፣ ዳማ ሆዱን እያየ ነው" አለችኝ። ጋጣ ስደርስ አንገቱን አዙሮ ጎኑን ያያል። በፊት እግሩ መሬቱን ይቆፍራል። ይተኛል፣ ይንከባለላል፣ ይነሣል። በዚያ ብርድ አንገቱ በላብ ርሷል። ጆሮዬን ጎኑ ላይ ለጠፍኩ። የጤነኛ ፈረስ ሆድ ዝም አይልም፤ ሁልጊዜ ይንጎራጎራል። የዳማ ሆድ ጸጥ ብሏል።

ቁርጠት ነው። ላም ብትሆን ያን ያህል ባልደነገጥኩ። ላም የበላችውን መልሳ ታመሰኳለች፤ ሆዷ አራት ክፍል አለው፤ የተበላሸ መኖም ቢሆን የተወሰነውን ትቋቋማለች። ፈረስ አያመሰኳም። ማስታወክም አይችልም። የገባው ነገር መውጫው በአንድ በኩል ብቻ ነው። እዚያ ከተያዘ ፈረሱ ያልቃል።

ጎረቤቶች ተሰበሰቡ። አንዱ ዘይት በጠርሙስ እናጠጣው አለ። አባባ ከለከሉ። ታግሎ ወደ ሳንባው ከገባ በዚያው ይሞታል። ሐኪሙ ዘንድ ደወልኩ። እስኪመጣ በቀስታ አስሄድኩት፣ እንዳይንከባለል ብዬ። ባለቤቴ ፋኖሱን ይዛ ከፊት፣ እኔ ልጓሙን ይዤ ከጎን። ግቢውን ስንት ጊዜ እንደዞርነው አላውቅም።

ሐኪሙ 4 ሰዓት ላይ ደረሰ። መጀመሪያ የሕመም ማስታገሻ ወጋው። ከዚያ ቀጭን ጎማ በአፍንጫው አስገብቶ እስከ ሆዱ አወረደ፤ ጎማው ሳንባ ሳይሆን ሆድ መግባቱን ሁለት ጊዜ አረጋገጠ። በእሱ ፓራፊን አፈሰሰ። "አሁን መጠበቅ ነው" አለ። ብርድ ልብስ አልብሰነው ጠበቅን።

ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ዳማ ጭራውን አነሣ። ፋንድያ ጣለ። ትንሽ፣ ደረቅ፣ አምስት ስድስት እንክብል። አባባ ቆባቸውን አውልቀው "ተመስገን" አሉ። እኔ እዚያው ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

የሻገተውን ድርቆሽ ዛሬ ለይቼ አወጣሁ። ወደ 3 ኩንታል ይሆናል። ለላሞቹም አልሰጠውም፤ ወደ ፍግ ጉድጓዱ ሄደ። ክምሩን ደግሞ ከሥሩ ድንጋይና አጠና ደርድረን ከመሬት አነሣነው።

ታኅሣሥ 13

ዳማ ዘጠኝ ቀን አረፈ። በእነዚህ ዘጠኝ ቀናት ወተቱን ማን ወሰደ? እኔ። ቦራ ሆዷ ስለገፋ ጋሪ ላይ ላስራት አልፈለግኩም።

የወተት መሰብሰቢያው ጠዋት 2 ሰዓት ተኩል ላይ ይዘጋል። 15 ሊትር ወተት ተሸክሞ 6 ኪሎ ሜትር መሄድ፣ ቀጥሎ ባዶ ጣሳ ይዞ መመለስ። ሁለት ጊዜ ዘግይቼ ተዘግቶብኝ ተመለስኩ። የተመለሰውን ባለቤቴ ናጠችው። ፉሩሽካም በዚያ ሳምንት ስላላመጣን ዳለቻ በቀን አንድ ሊትር ተኩል ቀነሰች።

ይህን በዳማ ገጽ ላይ የት እንደምጽፈው አላወቅኩም ነበር። በኋላ በግራው ዓምድ "ያልሠራባቸው ቀናት" ብዬ ጻፍኩ። ከየትኛውም መስመር በላይ የሚናገረው እሱ ነው።

ታኅሣሥ 28

ጊደሯ ደራች። ከጠዋት ጀምራ ትጮሃለች፣ ጭራዋን ታነሣለች፣ ዳለቻ ስትወጣባት ዝም ብላ ትቆማለች። ከኋላዋ እንደ እንቁላል ነጭ የጠራ ፈሳሽ ተንጠልጥሏል። አዳቃዩ ጋ፣ በቀዘቀዘ የኮርማ ዘር ላም የሚያዳቅለው ባለሙያ ጋ፣ ደወልኩ። ሞተሩ ቤንዚን አጥቶ ቆሟል፣ ነገ እመጣለሁ አለ። ጠዋት የታየች ማታ፣ ማታ የታየች ጠዋት ነው የምትዳቀለው። ነገ ከሰዓት ቢመጣ አልፏል። እንዳይለፋ ነገርኩት። ቀጥሎ የምትደራው ከ21 ቀን በኋላ ነው። ጥር 19 ላይ ቀይ መስመር አሰመርኩ።

ጥር 11

ጥምቀት። አባባ ዛሬ ቦራን አልጫኗትም፤ ዳማን ነው የጫኑት። ዓመቱን ሙሉ ሳጥን ውስጥ የሚቀመጠውን ባለ ጥልፍ ግላስ አወጡ። ኮርቻውን ቅባት ቀቡት። እርካቡን በአመድ ወለወሉት። ከዚያ ነጭ ለብሰው ወጡ። በጋሪ መሀል የማየው ዳማ አልነበረም። አንገቱን ቀስሮ ሜዳው ላይ ሲወጣ ልጄ "የእኛ ነው!" እያለች ለሰው ሁሉ ታሳያለች።

ከዚህ ብዙም ሳይርቅ አንጎለላ ነው ምኒልክ የተወለዱት። ሰው ሁሉ በፈረስ ስማቸው "አባ ዳኘው" ይላቸዋል። ራስ መኮንን "አባ ቃኘው"፣ ባልቻ "አባ ነፍሶ"። እኚያ ሁሉ ሰዎች የተጠሩት በፈረሳቸው ነው። ማታ ከአባባ ጋር ስንጫወት ይህን አነሣሁባቸውና፣ "እርስዎስ አባ ማን ነዎት?" ብዬ ጠየቅኳቸው። ትንሽ አሰቡ። "አባ ጋሪ" አሉና ሳቁ። ከዚያ ግን ቆም ብለው፣ "ልጆቼን ያስተማርኩት በጋሪ ነው" አሉ። አላውቅም ነበር። ያኔ የአባባ ሌላ ፈረስ ነበር፤ እኔ ትዝ የሚለኝ ነጭ መሆኑ ብቻ ነው።

ጥር 20

ቀይ መስመሩ አላሳፈረኝም። ትናንት ማታ ወደ ጊደሯ ሦስት ጊዜ ወጣሁ። 2 ሰዓት ላይ ደራች። ስለዚህ ጊዜው ዛሬ ጠዋት ነው። አዳቃዩ ሞተሩ አሁንም እንደቆመ ነው። "በጋሪ ላምጣህ?" አልኩት። ንጋት ላይ ዳማን አስሬ ሄድኩ።

ዘሩ የሚቀመጥበትን የናይትሮጅን ዕቃ በድርቆሽ ደግፈን በጋሪው መሀል አቆምነው። ውስጡ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ነው። ክዳኑ እንዳይናጋ ዳማን በእርምጃ ብቻ ነዳሁት። ደርሰን አዳቃዩ ዘሩ ያለባትን ቀጭን ቱቦ አውጥቶ ለብ ባለ ውሃ አሟሟት፤ ሰዓቱን እያየ። ከዚያ ሥራውን በአንድ ደቂቃ ጨረሰ። ጊደሯ ዘወር ብላ እንኳ አላየችውም።

በዳማ ገጽ፣ "አዳቃይ አመጣ፣ መለሰ፣ 1 ጊዜ"።

የካቲት 24

ዐቢይ ጾም ከገባ ሳምንት ሆነው። 55 ቀን ነው። መሰብሰቢያው የሚቀበለው ወተት ቀንሷል፤ እኛ ዘንድም የሚጠጣ የለም፣ ከትንሿ ልጄ በቀር። ቡሬ ልትወልድ ስለሆነ ከጥር አጋማሽ ጀምሮ አንጥፈናታል። የምትታለበው ዳለቻ ብቻ ናት፣ በቀን 11 ሊትር።

ይህ ወቅት የባለቤቴ ነው። ወተቱን ታረጋለች፣ ትንጣለች። ከ20 ሊትር ገደማ አንድ ኪሎ ቅቤ ይወጣል። ከአሬራው አይብ ታወጣለች፤ አጓቱን በሬዎቹ ይጠጡታል። ቅቤው ለፋሲካ ገበያ ይቆያል። ጾም ለወተት ሻጭ ክፉ ነው ይባላል። ቤት ውስጥ የሚንጥ እጅ ካለ ግን በፋሲካ ዋዜማ የሚሸጠው ቅቤ ጉድለቱን ይሞላል። ይህን በደብተሬ ላይ በእሷ ስም ጻፍኩት፤ የሷም ሥራ ያልተጻፈ ሆኖ እንዲቀር አልፈልግም።

ደረቁ ወቅት ስለሆነ ኩበቱም በርትቷል። የከብቱ እበት ኩበት ይሆናል፣ የፈረሱ ፋንድያ ወደ ድንች መደቡ ይሄዳል። በእኛ ሰፈር ማገዶው ኩበቱ ነው።

መጋቢት 16

ቡሬ ወለደች። ሰኔ 6 ተዳቅላ ነበር፤ 283 ቀን ቆጥሬ 14ን ስጠብቅ ሁለት ቀን አሳለፈች። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሁለት የፊት እግሮችና አፍንጫ ታዩ። አቀማመጡ ትክክል ስለነበር ማንም እጁን አላስገባም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ጥጃዋ ወጣች። ሴት ናት!

አፍንጫዋን ጠረግን፣ እትብቷን አዮዲን ውስጥ ነከርን፣ ለእናቷ ሰጠናት። ቡሬ እየላሰች አደረቀቻት። እንገሩን ግን ጥጃዋ ራሷ እንድትጠባው አልተውኩም። አልቤ በጡጦ 3 ሊትር ሰጠኋት፣ በሁለት ጊዜ፣ በተወለደች በስድስት ሰዓት ውስጥ። ጥጃ ስትወለድ የበሽታ መከላከያ በደሟ ውስጥ የለም። የምታገኘው ከእንገር ነው፤ አንጀቷ ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ይዘጋል። አባባ ሰፈሩ ውስጥ "ወፍራም ነው፣ ያስቀምጣታል" ብለው እንገር የሚደፉ ሰዎችን አይተዋል። በዚህ ነገር ሰው ባገኘሁ ቁጥር እናገራለሁ።

የእንግዴ ልጁ በሦስት ሰዓት ውስጥ ወረደ።

ሚያዝያ 22

ቦራ አምና ግንቦት 15 ነበር ከጎረቤት ድንጉላ ጋር የተገናኘችው። ዳማ የተኮላሸ ነው። ባዝራ 11 ወር ገደማ ትይዛለች፤ ከሳምንት በፊት ጡቷ ሞልቶ ጫፉ ላይ እንደ ሰም ያለ ነጠብጣብ ወጣ። ከዚያ ጀምሮ ልጄና እኔ በየተራ ስንጠብቅ ነበር። ባዝራ ሰው ሲያያት አትወልድም ይላሉ። እውነትም ለአሥር ደቂቃ ሻይ ልጠጣ ገብቼ ስመለስ ውርንጭላዋ መሬት ላይ ነበረች።

ሰዓት ያዝኩ። ሐኪሙ የነገረኝ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ነው። በአንድ ሰዓት መቆም፣ በሁለት ሰዓት መጥባት፣ በሦስት ሰዓት የእንግዴ ልጁ መውረድ። ላም ላይ የእንግዴ ልጅ እስከ ማግስቱ ቢቆይ ይጠበቃል፤ ባዝራ ላይ ግን ከሦስት ሰዓት ካለፈ ሐኪም ይጠራል።

ውርንጭላዋ እግሮቿን የት እንደምታደርጋቸው አታውቅም። የፊቶቹን ትዘረጋለች፣ የኋላው ይከዳታል፣ ትወድቃለች። አራት ጊዜ ወደቀች። ልጄ ልትደግፋት ስትል እጇን ያዝኩ። በ40ኛው ደቂቃ ቆመች፤ እየተንቀጠቀጠች፣ አራቱን እግር አራት ቦታ ተክላ። ከዚያ የእናቷን የፊት እግር ትጠባ ጀመር። ቦራ በአፍንጫዋ ቀስ ብላ ወደ ኋላ ገፋቻት። አንድ ሰዓት ከ20 ላይ የመጥባት ድምፅ ሰማን። የእንግዴ ልጁንም ሣር ላይ ዘርግቼ አየሁት፤ ምንም አልጎደለም።

ዳማ መልክ ናት፣ ግንባሯ ላይ እንደ እናቷ ነጭ አለ።

ግንቦት 12

የበልጉ ዝናብ ዘንድሮ ደህና ነበር፤ ሣሩ ብቅ ብሏል። ዓመት ሙሉ ያሰብኩትን ዛሬ ጀመርኩ። የሣር መሬቱን በገመድና በካስማ ሦስት ቦታ ከፈልኩት።

ላምና ፈረስ አንድ ሣር አይግጡም። ላም ላይኛው የፊት ጥርስ የላትም። ሣሩን በምላሷ ጠምጥማ ነው የምትቆርጠው፣ ረዘም ያለውን ትፈልጋለች። ፈረስ ከላይም ከታችም ጥርስ አለው፤ እስከ መሬቱ ይላጨዋል። ሌላም አለ። ፈረስ ፋንድያውን የሚጥልበት ቦታ ለይቶ ያስቀምጣል፣ ከዚያ አይግጥም። እዚያ ሣሩ ረዝሞ ይባክናል። ላሞቹን ሳስገባ በቀጥታ የሄዱት ወደዚያ ረጅም ሣር ነው።

ሐኪሙ እንዳስረዳኝ ደግሞ የፈረስ የሆድ ትል አብዛኛው ላም ሆድ ውስጥ አይኖርም፣ የላምም ፈረስ ውስጥ። አንዱ ሲግጥ የሌላውን ትል እጭ ያጸዳለታል። ስለዚህ ላሞቹ ይቀድማሉ፣ ፈረሶቹ ይከተላሉ፣ ከዚያ ቦታው ያርፋል። ረግረጉን ጥግ ግን አጥረነዋል። ቀንድ አውጣ አለበት፤ የጉበት ትል የሚመጣው ከዚያ ነው።

ክትባትም ተከተቡ። ከብቶቹ የአባሰንጋና የአባጎርባ። ፈረሶቹ በትንኝ ለሚተላለፈው የፈረስ በሽታ። ክትባቶቹ እዚሁ አገር፣ ቢሾፍቱ የሚመረቱ ናቸው። ለከብት ክትባት ሰልፍ ነበር፤ ፈረስ ይዞ የመጣ ግን እኔና አንድ ሽማግሌ ብቻ ነን። ያንን ቀን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። ጋሪ ያለው ቤት ሁሉ የሚበላው በፈረሱ ነው።

ጊደሯ ተመርምራለች። ይዛለች። ጥቅምት መጨረሻ ላይ እንጠብቃታለን።

ሰኔ 12

አጃና ቬቹን ዘራን። ዘንድሮ አንድ ጥማድ ጨምረናል። አጥሩን ተከትለን 60 ችግኝ ትሪ ሉሰርንም፣ ቅጠሉ ለከብት መኖ የሚሆን ዛፍ፣ ተከልን።

የባለቤቴ ወንድም መጥቶ ነበር። ቡና እየተጠጣ ደብተሩን አወጣሁ። ሌላ ነገር ሳልናገር የዳማን ገጽ አነበብኩለት። ወተት፣ 209 ጊዜ። ድርቆሽ፣ 20። ፉሩሽካና ፋጉሎ፣ 31። ወፍጮ ቤት፣ 26። እህል ወደ ገበያ፣ 9። አዳቃይ፣ 1። ባለቤቴን ሐኪም ቤት ማድረስ፣ 2። በቁርጠቱ ያልሠራባቸው ቀናት፣ 9፤ በእነዚያ ቀናት የጠፋው ወተትና የቀነሰው ወተት አብሮ ተጽፏል። በቀኙ ዓምድ ድርቆሹ፣ የሥራ ቀን ገብሱ፣ የሐኪሙ፣ የሰኮና ማስተካከያው፣ ክትባቱ፣ የጋሪው ጎማ። ደብተሩን ተቀብሎ ራሱ ደግሞ አነበበው። ቀኙን ዓምድ በጣቱ እየወረደ ቆጠረ። ከዚያ "ውርንጭላዋን አትሽጧትም አይደል?" አለ። አባባ "አንሸጥም" አሉ።

ጥቅምት ላይ ጊደሯ ስትወልድ የሚታለቡት ሦስት ይሆናሉ። የቡሬ ጥጃም እያደገች ነው። ከበሬዎቹ አንዱ አርጅቷል፤ ከክረምቱ በኋላ አደልበን እንሸጠዋለን፣ የእሱ መኖ ለጥጃዋ ይሆናል። ለከርሞ መኖ ቆጠራውን አሁኑኑ ጀምሬዋለሁ፤ በቀን 60 ኪሎ።

ልጄ ከደብተሩ መጨረሻ አካባቢ አንድ ባዶ ገጽ ጠየቀችኝ። ገጹን በማስመሪያ ለሁለት ከፈለችው፣ ግራና ቀኝ። ከላይ "ኮከብ" ብላ ጻፈች። የውርንጭላዋ ስም ነው፣ እሷ ናት ያወጣችው። በግራው ዓምድ የመጀመሪያው መስመር ይኸው፦ "ሰኔ 12። እናቷን ተከትላ እስከ ወንዙ ሄደች። ውሃውን ፈራች። ተመለሰች።"